አዲሱ ሸራ

በዚያ ዓመት ዝናብ ቀረ፤ ዓሣው ከዳርቻው ሸሸ፤ ከከተማ ዕቃ የሚያመጣው መርከብም ደሴቲቱን ረሳት። አንድ ዓሣ አጥማጅና ሚስቱ መይራም የሚኖሩባት ጀልባ ሸራዋ በነፋስ ተተረተረ። ሰውየው መረቡን በአንድ ጣቃ አቡጀዴ ለወጠና ጣቱ እስኪደማ አዲስ ሸራ ሰፋ። ውሃ ሊቀዳ ሲሄድ ግን ጉድጓዱ እየነጠፈ ነበርና የጉድጓዱ ባለቤት ዘህራ፣ "ባሕር ላይ የሚኖር ባሕሩን ይጠጣ!" ብላ በሰው ፊት መለሰችው።

"ነገ እንሄዳለን" አላት መይራምን። "እዚህ ከቆየን በጥም ማለቃችን ነው።"

ማለዳ የዘህራ ወንድም ከባሕሩ ዳር ተጣራ።

"ወንድሜ፣ እህቴ ሌሊቱን ሞተችብኝ። ደሴቱን ሁሉ ዞርኩ፤ ለከፈን የሚሆን ጨርቅ የለም።"

ሰውየው ሸራውን አወረደና ቢላዋውን መዘዘ።

"አበድክ እንዴ?" ጮኸች መይራም። "ውሃ ለከለከለችን ሴት? እኛስ በምን ልንሄድ ነው?"

"ልጃችን የሞተች ጊዜ አንቺ በወባ ራስሽን ስተሽ ነበር" አለ። "ዘህራ የሠርጓን ነጭ ልብስ ቀድዳ ነው የከፈነቻት። 'ለእናቷ እንዳትነግራት' ብላ አስምላኝ ነበር።"

መይራም ተነሥታ የሸራውን ጫፍ ወጠረችለት።