ወላጅ አምጪ

ረድኤት ክፍል ውስጥ ተደባድባ «ወላጅ አምጪ» ስትባል፣ እናቷ አዜብ እንዳትሰማባት ብላ የፓርኪንግ ጠባቂውን ደገፉን «አባቷ ነኝ በላቸው» ስትል ለመነችው። ድሮም ተማሪ የሚያደርገው ነው። በአዲሱ ሕግ ግን መዝገቡ ላይ መዳፉን ያሳረፈ ሰው ወላጅ ሆኖ ይቀራል፤ በሌላ ሰው አይተካም። ደገፉም መዳፉን አሳርፏል። ረድኤት በድብድቡ ማረሚያ ትምህርት ቤት ገባች፤ ከደገፉ በቀር ማንም ሊጠይቃት አይችልም።

ዓርብ ዓርብ አዜብ የታጠበ ልብስ ታቀብለውና አጥሩ ሥር ትጠብቀዋለች። ዛሬ ልብሱን እንደያዘ ተመለሰ።

«ምን ሆነች?»

«ደኅና ናት እትዬ፣ እንዲያውም ወፍራለች። ልብሱን ነው እንቢ ያሉት።»

«አልጠራም?»

«ኧረ ከኔ ሸሚዝ ይጠራል! ኮሌታው ላይ የጠለፉት ስም ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም አሉ። እስከ አሥር ሰዓት ካልተስተካከለ ዛሬም እንደቀረሁ ይቆጠራል። ሁለቴ ቀርቻለሁ፤ ሦስተኛ ከቀረሁ እኔንም ይሰርዙኛል፣ ልጅቷም የማንም አትሆንም።»

አዜብ ኮሌታውን ገለበጠችው። «ረድኤት ሙሉነህ» ይላል። ባሏ ሙሉነህ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው።

ከጎን ካለችው ሱቅ መርፌና ክር ገዝታ መጣችና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የባሏን ስም ፊደል በፊደል ተረተረችው። ደገፉ ፊቱን አዞረ።

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ።»

«ሰዓቱን እይልኝ» አለችው። ከዚያ የእሱን ስም መጥለፍ ጀመረች፤ በእጥበት እንዳይለቅ እያንዳንዱን ፊደል ሁለት ሁለት ጊዜ እያጠበቀች።