እንቢ ያለው ምድጃ

ዘምዘም የበለሱን ድስት ጣደች፤ ምድጃው ግን እንቢ አለ። በደሴ ከተማ የማንም ቤት ምድጃ፣ «ይከስራል» ተብሎ ለተተነበየ ሥራ አይበራም።

«የበለስ ማርማላታ ሽያጭ አያዋጣም» አላት ምድጃው በለሰለሰ ድምፁ። «በዚህ ሥራ የተሳካለት ሰው የለም።»

«የሞከረስ አለ?» ብላ ጮኸችበት።

«የለም።»

ካቻምና የማር ሳሙናዋንም እንዲሁ ገና ሳትጀምረው አስቀርቶባታል። ባሏ ይመር የምታለቅስ ልጃቸውን ታቅፎ ጓዳው በር ላይ ቆሟል።

«ተይው በቃ፣ ዘሙ» አላት። «‹ሠርቼ አልሸጥም› ካላልሽው የልጅቱን ወተት እንኳ አያሞቅልንም።»

ዘምዘም ድስቱን አንስታ ግቢ ወጣች፤ ሦስት ድንጋይ ጎልታ፣ የተሰበረ በርጩማ ፈልጣ እሳት አነደደች። መጀመሪያ ወተቱን አሞቀች፤ ከዚያ በለሱን ጣደች።

«ቢከስርስ?» አለ ይመር ጭሱን በእጁ እየገፋ።

«ይክሰር!» አለችው፣ ዓይኗ በቁጣ ቀልቶ። «ኪሳራውም ቢሆን የራሴ ይሁን!»

ጩኸቷን የሰሙት ጎረቤቷ እትዬ ሐዋ፣ የዱባ ዳቦ ሊጥ እንደያዙ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

«የእኔም እንቢ ብሎኛል» አሉ። «ስትጨርሺ እሳትሽን ታውሺኛለሽ?»