የሰባት ቁጥር አልጋ ዘበኛ

የአናጢው ሚስት ሆስፒታል ከተኛች አርባ ቀን አልፏታል። ደም የሚያሳልፈው የልቧ ቫልቭ ላይ ጀርም ሰፍሯል፤ ጀርሙ ደግሞ መድኃኒት የለመደ፣ እልኸኛ ነው። የመጀመሪያው መድኃኒት ንክች አላደረገውም። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ትኩሳቷን አበረደው፤ ቀና ብላ ሾርባ ጠጣች፤ ሳቀችም።

በሳምንቱ ትኩሳቱ ተመለሰ።

“ያው ጀርም ነው፤ ግን እንደ አዲስ ነው የገባው” አለች ሐኪሟ። “መድኃኒት በምንሰጥበት በክንዷ ቱቦ በኩል፣ ከሰው እጅ ሳይሆን አይቀርም።”

ከሰው እጅ! ከዚያን ቀን ወዲህ አናጢው ሰው ማመን ተወ። ነርሶቹን “እጃችሁን ታጥባችኋል?” እያለ ቁም ስቅላቸውን ያሳያቸው ጀመር። የጽዳት ሠራተኛዋን ከነመወልወያዋ ከበር መለሳት። “ዘበኛው” የሚል ስም ወጣለት።

የሚስቱ ታናሽ እህት ልትስማት ስትጎነበስ ክንዷን ለቀም አደረጋት።

“አትንኪያት!”

“ጋሼ፣ እህቴ እኮ ናት!”

“እዚያው ሆነሽ እያት።”

እህትየው በሩ ላይ ቆማ አልቅሳ ሄደች።

አልጋው አጠገብ እሱ ብቻ ቀረ። ላቧን ይጠርግላታል፤ ፀጉሯን ያበጥርላታል፤ የቱቦው ፕላስተር ሲላቀቅ በጣቱ ጫን አድርጎ ይመልሰዋል። የዓመታት የእንጨት ብናኝ ሲያስነጥሰው ፊቱን ዞር አድርጎ አፍንጫውን በመዳፉ ይደፍናል።

“እንኳን አንተ አለኸልኝ” አለችው በሰለለ ድምፅ።

“የትም አልሄድም።”

አራተኛው መድኃኒት ኩላሊቷን ጎዳና ተቋረጠ። ቀዶ ጥገና የሚቋቋም አቅም አልነበራትም። አምስተኛ የሚባል መድኃኒት የለም።

አናጢው ሐኪሟ ቢሮ ገብቶ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ።

“ዶክተር፣ ማን እንደሆነ ይፈለግልኝ! እዚያ ክፍል የረገጠ ሁሉ ይመርመር!”

ጀርሙ ጤነኛ ሰው አፍንጫ ውስጥ ተደብቆ በእጅ ይተላለፋልና፣ በማግስቱ የሁሉም አፍንጫ በጥጥ እየተጠረገ ጥጡ ወደ ላቦራቶሪ ሄደ፤ የነርሶቹ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ የእህትየው። ሌሎቹ እንዳያመነቱ ብሎ እሱ ቀድሞ ተሰለፈ።

በሦስተኛው ቀን ሐኪሟ ወረቀት ይዛ መጣች። ሚስቱ ዐይኗን መግለጥ ትታለች።

“ተገኘ?” አለ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። “ማን ነው?”

ሐኪሟ ወረቀቱን ለሁለት አጠፈችው።

“አባቴ… ከእርስዎ በቀር የሁሉም ንጹሕ ነው።”