ለመተኛት ባሕር ድረስ

የጉዞ ወኪሏ የባሕር ዳርቻውን ሪዞርት ፎቶ ወደ ባልና ሚስቱ አዞረችው።

«እዚያ ሄደን ምን እንሠራለን?» አለ ባል። ሌሊት ሌሊት የሚሠራ ዳቦ ጋጋሪ ነበር።

«ምንም፣ ጋሼ። ተኝቶ መነሣት ነው።»

«ለመተኛት ባሕር ድረስ? አልጋችን ምን በደለን?» ብሎ ከወንበሩ ብድግ አለ።

ሚስቱ ግን ንቅንቅ አላለችም። የቀን ፈረቃ ነርስ ነበረች። ጠዋት እሱ ሲገባ እሷ ትወጣለች፤ አልጋቸውን የሚያገኙት በየተራ ነበር። የእጅጌውን ጫፍ ያዝ አድርጋ ወደ ወኪሏ ዞረች።

«ልጄ፣ እዚያ ፈረቃ የለም አይደል?»

ልጅቷ ሳቀች። ባል አልሳቀም። ሚስቱን ትክ ብሎ አያት፤ ቀስ ብሎም ተመልሶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«መዝግቢን» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ማንም እንዳይቀሰቅሰን ብቻ፣ አደራ!»