ደስታ ይጨምሩበት

በአንድ ቤት ከአራት ሰው በላይ መኖር ከተከለከለ ወዲህ፣ ልጅ ሲወለድ ከነባሮቹ አንዱ ይወጣል። የወጣ ተመልሶ አይታይም። ለአዲሱ አባል የእንኳን ደህና መጣህ መልእክት የሚጽፈውም ያው ወጪው ነው። ዘንድሮ ተራው የእኔ ሆነ።

ምራቴ ሰብለ ወሯ ገብቷል። ከኋላዬ ቆማ መልእክቱን መርምሮ የሚቀበለውን ወይም የሚመልሰውን ማሽን ታያለች።

«እማማ፣ ሁለት ጊዜ መለሰብን እኮ። ትንሽ ደስታ ይጨምሩበት። ስለ አልጋዎ ይጻፉለት።»

ጻፍኩ። «አልጋው መስኮቱ ሥር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባበታል። አንተን እየጠበቅኩ ሳሞቅልህ ነበር።»

ማሽኑ አረንጓዴ አበራ። ሰብለ እልል አለች። ወዲያው ፎጣዬን ከመስቀያው አውርዳ የሕፃን ፎጣ ሰቀለችበት።

የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ ሶስና ሻንጣዬ ላይ ተቀምጣለች።

«አያቴ፣ ለእኔ ማን ነበር የጻፈልኝ?»

«ወንድ አያትሽ።»

«ማሽኑ ወዲያው ተቀበለው?»

«አይ፣ ሦስቴ ተመልሶበታል» አልኳት። «‹ደስታ ጨምርበት› እያልኩ አናቱ ላይ ቆሜ ያጻፍኩት እኔ ነኝ። ፎጣውን ያወረድኩትም እኔ።»