የጋራ ጉርሻ

ሰኔ 12 ቀን 2091 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። የሐምሌው ሰርግ የምግብ ዝርዝር አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከወረርሽኙ ወዲህ ሰው ሁሉ ደሙ የፈቀደለትን ብቻ ይበላል፤ ከሌላው ሳህን አንዲት ጉርሻ ትገድላለች። ለእንግዳው ሁሉ ምግቡ ለየብቻ ተመድቦ አልቋል። ሙሽራዋ ትርሲት ግን ከእናቷ ጋር የምትጋራው ምግብ አጥታለች።

«ዶሮስ?» አለች ትርሲት።

«እኔን ይገድለኛል» አሉ እናቷ ወይዘሮ አስካለ።

«ሽሮ?»

«እሱ ደግሞ አንቺን። ልጄን ሳላጎርስማ አልድርም!»

ዝርዝሩ ሊዘጋ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ለማን ምን እንደሚፈቀድ ከደሙ የሚያነበው ሰሌዳ ለሁለቱም አንድ ምግብ ፈቀደ፤ ጨው የሌለው ቅቅል ድንች።

«ለሙሽራ ድንች! ጉድ እኮ ነው!» ብለው ሳቁ ወይዘሮ አስካለ።

በሰርጉ ቀን በእጃቸው አጎረሷት፤ «አንድ ያጣላል» ብለውም ደገሟት።

እናቷ በመስከረም አረፉ። ትርሲት ዛሬም ድንች ስትቀቅል ጨው አትጨምርም።