የመንገድ ሹሩባ

«ኧረ እቴናት፣ ልትነቅዪኝ ነው እንዴ!» አለች ዜማ። እቴናት ግን ጉንጉኑን ይበልጥ አጠበቀችው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ፣ ከማደሪያቸው ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። መምህራቸው «ሁለታችሁም አመልክቱ፤ ውጡና ዓለምን አይታችሁ ተመለሱ» ብሎ ገፋፍቷቸው ነበር። የሃንጋሪው የትምህርት ዕድል ግን ለዜማ ብቻ ደረሳት፤ ነገ ትሄዳለች። ሹሩባ ደግሞ እንደ እቴናት የሚሠራ የለምና፣ ምን ታድርግ፣ የቀናችባትን ልጅ ራስ በጉልበቶቿ መሃል ይዛ ትጎነጉን ነበር። ክፉ ልጅ ሆና አይደለም፤ ቅናት እንደሁ ደጉንም ሰው ይይዘዋል። በልቧ «ውጤቴ እኮ ከእሷ አያንስም» ባለች ቁጥር፣ በሚዶው መስመር ስታወጣ እጇ ይከብዳል።

በድንገት የዜማ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ያመማት መስሏት እቴናት እጇን አላላች።

«ፈራሁ» አለች ዜማ ፊቷን ሳትመልስ። «ሰው አላውቅ፣ አገሩን አላውቅ። አንቺ ቅሪ ካልሽኝ እቀራለሁ። እውነቴን ነው።»

እቴናት ሳምንቱን ሙሉ ስትመኝ የሰነበተችው ይህንኑ ነበር። «ቅሪ» የምትለው ቃል ምላሷ ላይ ደረሰች። ዋጠቻት። ከዚያ አጥብቃ የጎነጎነችውን ሁሉ ከሥሩ መፍታት ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው? ሊመሽ እኮ ነው!»

«አንገትሽን አቅኚ» አለቻት፤ ፊቷ አሁንም እንደተኮሳተረ ነው። «ቀጠን አድርጌ እንደገና ልሥራው፤ ብዙ ይቆይልሻል። እዚያ ደግሞ ሌላ ሰው እንዳታስነኪ! የሚቀጥለውን እኔው መጥቼ ነው የምሠራልሽ።»